ከባሕር የወጣ ብረት በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ለምን ይፈርሳል? የመድፍ አረር፣ የደወል፣ የእንጨትና የሸክላ አያያዝ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ትንሽ ሙዚየም ከዓሣ አጥማጆች መረብ የወጡ ዕቃዎች በስጦታ ደርሰውታል፦ አንድ የብረት የመድፍ አረር፣ የነሐስ የመርከብ ደወል፣ እስካሁን በውሃ ባልዲ ውስጥ ያለ የእንጨት የገመድ መዘውር፣ ሁለት የሸክላ እንስራዎችና ምንነቱ ያልታወቀ ድንጋይ መሰል ጓል። አረሩ ደርቆ ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ከቆየ በኋላ አሁን ቡናማ ጠብታ እያወጣ መሰንጠቅ ጀምሯል። በደወሉ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ታይቷል። ጠያቂው «አረሩን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ቫርኒሽ ብንቀባው፣ እንጨቱንም አውጥተን ጥላ ላይ ብናደርቀው ይበቃል ወይ?» ይላሉ።

አይበቃም። እንዲያውም ሁለቱም ዕቃዎቹን ለዘለቄታው ያበላሻሉ። ከባሕር የወጣ ቅርስ ዋና ጠላቱ ባሕር ውስጥ የቆየበት ዘመን አይደለም፤ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለመቶ ዓመታት ከውሃው ጋር ተስማምቶ የኖረ ዕቃ ጨው እንደያዘ አየር ሲያገኝ ባሕር ውስጥ ከጠፋው የበለጠ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ጨው ሳይወጣ ማድረቅ የለም፤ ከደረቀም እርጥበት እንዳያገኘው መዝጋት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የደኅንነት ጉዳይ አለ። አረሩ ድፍን ነው ወይስ ውስጡ ክፍት? ባሩድ የተሞላ ክፍት አረር ከሆነ በላዩ ላይ የፊውዝ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ቀዳዳው ግን በዝገትና በባሕር ቅርፊት ተሸፍኖ ላይታይ ይችላል። ባሩድ ውሃ ገብቶበት ቢቆይም ሲደርቅ እንደገና ሊቀጣጠል ይችላል። ክብደቱን ለፍንጭ መመዘን ጥሩ ነው፦ 11 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ጤነኛ ድፍን አረር ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ በጣም ቢቀል ግን የግድ ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ባሕር ውስጥ የቆየ ብረት ከክብደቱ ብዙ ያጣል። ስለዚህ ክብደት ብቻውን አይፈርድም። የሆስፒታል ኤክስሬይም ይህን ውፍረት ያለው ብረት አልፎ አያሳይም፤ የሚያስፈልገው ለፋብሪካ ብየዳና ቧንቧ ምርመራ የሚያገለግለው ጠንካራ ጨረር ነው። እስኪረጋገጥ ድረስ አረሩን አይሰርስሩት፣ አያሙቁት፣ አይምቱት። የፊውዝ ቀዳዳ ከታየ ክፍሉን ዘግተው የፈንጂ ባለሙያዎችን ይጥሩ።

ድፍን መሆኑ ከታወቀ ወደ ጠብታው እንመለስ። የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ ከዚህ ወደ 19 ግራም የሚሆነው ክሎራይድ ነው። ብረቱ ባሕር ውስጥ ሲዝግ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የብረት ቅንጣቶች (አየኖች) ከላዩ ላይ ይለቃሉ። ሙሉን ለማመጣጠን ክሎራይዱ በዝገቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አልፎ ጤነኛው ብረት ድረስ ይሰበሰባል። ዕቃው ሲደርቅ ይህ በውስጡ የታሰረ የብረት ክሎራይድ ኦክስጅን ያገኛል፤ አሲድ ይፈጠራል፣ አዲስ ዝገትም ይበቅላል። አዲሱ ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስንጥቁና ቅርፊቱ የሚመጡት ከዚህ ነው። ጠብታው ደግሞ ክሎራይዱ ከአየር የሳበው እርጥበት ነው፤ በጣም አሲዳማ ስለሆነ በባዶ እጅ አይንኩት። ለሁለት ዓመት ደኅና መስሎ መቆየቱም አያስገርምም። አየሩ ደረቅ በነበረ ጊዜ ሂደቱ ቀስ ብሎ ሄደ፤ እርጥበት ሲጨምር ፈጠነ።

የሽቦ ብሩሹን የምቃወመው በሌላ ምክንያትም ነው። አረሮች የሚሠሩት በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ነው፤ ይህ ዓይነት ብረት በውስጡ ግራፋይት፣ ማለትም ጥቁር ካርቦን አለው። ባሕር ብረቱን አሟጦ ሲወስድ ግራፋይቱ በቦታው ይቀራል። በውጭ የሚታየው ጥቁር፣ ልስልስ፣ በጥፍር የሚጫር ንብርብር ያ ነው። ቆሻሻ ይመስላል፤ ነገር ግን የአረሩ የመጀመሪያ ገጽ፣ የቅርጹ መገጣጠሚያ መስመር፣ የተመታበት ምልክት ወይም ቁጥር ካለ የሚገኘው በእሱ ላይ ብቻ ነው። ብሩሽ በአንድ ደቂቃ ያነሳዋል። ከሥሩ የሚቀረው ጠንካራ ብረት ታሪክ የሌለው፣ መጠኑም ያነሰ እብጥብጥ ኳስ ነው። ቫርኒሹም ክሎራይዱን ከውስጥ አሽጎ ይይዛል እንጂ አያስቆመውም፤ ቫርኒሽ እርጥበት በጥቂቱም ቢሆን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ዝገቱ ይቀጥልና ሽፋኑን ይዞ ይነሳል።

ዛሬውኑ የሚደረገው ቀላል ነው። አረሩን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንስተው ይመዝኑ፤ የረገፉትን ቅርፊቶች በተለየ ከረጢት ቁጥር ሰጥተው ይያዙ። ከዚያ ክዳኑ በጎማ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጠውን ደረቅ ሲሊካ ጄል አድርገው ይዝጉበት። መጠኑ ከአረሩ ክብደት ጋር እኩል ይሁን፤ ለ5 ኪሎ አረር 5 ኪሎ ጄል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን በትንሽ ከረጢት የተጀመረ ሁሉ በሳምንታት ይጠግባል። በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መለኪያ ያኑሩ። ግቡ አንጻራዊ እርጥበትን ከ20 በመቶ በታች ማድረግ ነው፤ የብረት ክሎራይድ ያለበት ዝገት ሙሉ በሙሉ የሚቆመው 15 በመቶ አካባቢና ከዚያ በታች ነው። ጄሉ ሲጠግብ በምድጃ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሌሊቱን ቢሞቅ ያገግማል። ሰማያዊ ቀለም ያለው ጄል ኮባልት ስላለበትና ለጤና ጎጂ ስለሆነ ብርቱካናማውን ይምረጡ።

ይህ መንገድ ለትንሽ ዕቃ ብቻ እንዳይመስልዎት። በ1843 ወደ ውሃ የወረደችው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የብሩኔል የብረት መርከብ ግሬት ብሪተን በ1970 ወደ ብሪስቶል ተመልሳ ታችኛው አካሏ በጨው ምክንያት መበላቱ ሲቀጥል የተመረጠው መፍትሔ ይኸው ነበር። ከ2005 ጀምሮ የመርከቧ የታችኛው ክፍል በመስታወት ሥር ተዘግቶ የአየሩ እርጥበት በማሽን 20 በመቶ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። መርከብን የሚያክል ነገር በውሃ መንከር ስለማይቻል ክሎራይዱን በውስጡ እንዳለ «አስተኙት»።

ለአረሩ ግን ጨውን የማውጣት ዕድል አለ። እዚህ ላይ ፍርድ ያስፈልጋል። ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል ከሆነና ገጹ ካልተላቀቀ ማከም ይቻላል። ገጹ በትላልቅ ቅርፊት እየተነሳ ከሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ሊበታተን ስለሚችል በደረቅ ሣጥኑ ውስጥ እንዲቆይ እመክራለሁ፤ ያ ሽንፈት አይደለም።

ሕክምናው በኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 20 ግራም ይበቃል፤ ይህም 2 በመቶ ነው። የፈሳሹ መጠን ዕቃው ከሚይዘው ቦታ 10 እጥፍ ይሁን። ለተጠቀሰው አረር 7 ሊትር ውሃና 140 ግራም ሶዳ ይሆናል። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ውሃን በሶዳ ላይ ማፍሰስ ፈሳሹን አፍልቶ ይረጨዋል። ረጅም የጎማ ጓንትና ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር የግድ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ዕቃ መያዣው ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። የአሉሚኒየም ድስት በፍጹም አይሁን፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን በልቶ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ክዳን ያስፈልገዋል፤ ክፍት ከተተወ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደክማል።

ለምን ሶዳ? እንደ ሶዳ ባለ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ብረት አይዝግም፤ ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ የክሎራይዱን ቦታ እየወሰደ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በንጹሕ ውሃ ብቻ ብንነክረው ጨው ይወጣል፣ ግን ብረቱ እዚያው መዝገጉን ይቀጥላል። ጊዜው ረጅም ነው፤ ለአንድ አረር ወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ክሎራይዱ መውጣቱን የሚያውቁት በመለካት ነው። በየወሩ ጥቂት ፈሳሽ ይውሰዱ። በሲልቨር ናይትሬት ለመፈተን መጀመሪያ የተቀጠነ ናይትሪክ አሲድ እየጨመሩ ሊትመስ ወረቀት ቀይ እስኪሆን ድረስ ያድርሱት፤ ይህ ከተዘለለ አልካሊው ራሱ ከብሩ ጋር ቡናማ ዝቃጭ ሠርቶ ውጤቱን ያሳስታል። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጨምረው ከጥቁር ወረቀት ፊት ለፊት ያዩታል፤ ነጭ ደመና ከታየ ክሎራይድ አለ። ከተመሳሳዩ ውሃ አረሩ ያልገባበትን ናሙና አብረው ይፈትኑ፤ የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ ስላለው ያለ ማነጻጸሪያ ውጤቱ ትርጉም የለውም። ቁጥር የሚሰጥ የክሎራይድ መለኪያ ወረቀት ካገኙ የተሻለ ነው። ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም ፈሳሹን ይቀይራሉ። በአዲስ ፈሳሽ ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶም ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ሥራው አብቅቷል። ቀጥሎ አልካሊው በተጣራ ውሃ ይታጠባል፣ ውሃው በኢታኖል ወይም በአሲቶን ይተካል፣ ዕቃው ይደርቃል፤ በመጨረሻ ታኒክ አሲድና ማይክሮክሪስታላይን ሰም ይቀባል። ከዚህም በኋላ በደረቅ ሣጥን ማኖር ይሻላል፤ ሁሉም ክሎራይድ ወጥቶ አያልቅምና።

በኤሌክትሪክ ማጽዳት ፈጣን ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ትክክለኛውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚያውቅ ባለሙያና መሣሪያ ከሌለ አይሞክሩት። ኃይሉ ከበዛ በብረቱ ገጽ የሚፈጠረው የሃይድሮጅን አረፋ ያንን የግራፋይት ንብርብር ከሥሩ ይፈነቅለዋል።

ወደ ደወሉ እንለፍ። በነሐስ ላይ ያለ አረንጓዴ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሽፋን ደወሉን የሚጠብቅ ነው፤ አይንኩት። ፈዛዛ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ በነጠብጣብ የሚወጣው ግን ከሥሩ የመዳብ ክሎራይድ እንዳለ ይናገራል። እርጥበትና ኦክስጅን ባገኘ ቁጥር አሲድ እየሠራ ጤነኛውን ነሐስ ይበላል። ነጠብጣቡን በስለት መርፌ በአጉሊ መነጽር ሥር ይፈልፈሉና ዱቄቱን ያስወግዱ፤ ከዚያ ደወሉን ከ35 በመቶ በታች በሆነ እርጥበት ያስቀምጡ። በብዙ ቦታ ከተስፋፋ በኢታኖል የሟሟ 3 በመቶ ቤንዞትራያዞል ውስጥ ለ24 ሰዓት ማቆየት የተለመደ ሕክምና ነው፤ ኬሚካሉ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና አየር የሚወጣበት ቦታ ይጠይቃል። የነሐስ ማወልወያ ቅባት አይጠቀሙ። በውስጡ ያለው አሸዋ መሰል ነገር ፊደል ያጠፋል፣ አሞኒያ ካለበት ደግሞ መዳቡን ይበላል።

ፊደል ያልኩት በምክንያት ነው። በመርከብ ዕቃ ውስጥ ስምና ዓመት በብዛት የሚገኘው በደወል ላይ ነው። በ1717 የሰመጠችው የመርከቧ የዊዳ ቅሪት ማንነት የተረጋገጠው በ1985 በተገኘው ደወሏ ላይ «ዊዳ ጋሊ 1716» የሚል ጽሑፍ ከባሕር ቅርፊት ሥር ስለወጣ ነው። የእርስዎ ደወል በአንገቱና በወገቡ ዙሪያ ቅርፊት ካለው፣ እዚያ ያለውን በጣም በዝግታ፣ በእንጨት ስንጥርና በቀጭን ስለት ብቻ ያንሱ። ብርሃንን ከጎን ዘቅዘቅ አድርጎ ማብራት ዓይን የማያየውን ጽሑፍ ያወጣል።

የእንጨቱ መዘውር በባልዲ ውስጥ መቆየቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ እባክዎ አያውጡት። ባሕር ውስጥ ባክቴሪያ የእንጨቱን ሴሉሎስ ይበላዋል፤ ቅርጹን ይዞ የሚያቆመው የቀረው ሊግኒን (ሌላው የእንጨት ማጠንከሪያ ነገር) እና ባዶውን የሞላው ውሃ ነው። ውሃው ሲተን የገጽ ውጥረቱ የደከሙትን ግድግዳዎች እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ላይ ማድረቅ ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ አንዴ ከተኮማተረ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቢመለስ አይነፋም። ምን ያህል እንደደከመ ለማወቅ ቀጭን መርፌ በማይታይ ቦታ ቀስ ብለው ይጫኑበት። ያለ ትግል ከገባ በጣም ተበልቷል ማለት ነው። በጣም የተበላ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ ከአራት እጥፍ በላይ ውሃ ይይዛል።

እስከ ሕክምናው ድረስ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ቢቻል በማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩ፤ መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ፣ በኋላ በተጣራ ውሃ። በረዶ ቤት ውስጥ አያስገቡት፤ በውስጡ ያለው ውሃ ሲረጋ ሰፍቶ ይሰነጥቀዋል። በረኪናም አይጨምሩ። ለማየት ብለው አይፍቱት፦ የውስጡ ተሽከርካሪ ጎማ ብዙ ጊዜ ከጠንካራ የሊግነም ቪቴ እንጨት የተሠራ ነው፣ ዘንጉ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ በዝገት ተያይዘው ይሆናል።

ዋናው ሕክምና ውሃውን በፖሊኤትሊን ግላይኮል (ውሃ ውስጥ በሚሟሟ ሰም መሰል ነገር) መተካትና በቫኪዩም በረዶ ማድረቅ ነው፤ ይህን መሣሪያው ላለው ተቋም ይላኩት። በ1628 ሰምጦ በ1961 የወጣው የስዊድን መርከብ ቫሳ በዚህ ፈሳሽ ለ17 ዓመታት፣ ከ1962 እስከ 1979 ተረጭቷል። በ1982 የወጣው የእንግሊዝ መርከብ ሜሪ ሮዝም በዚሁ መንገድ ታክሞ መረጨቱ ያበቃው በ2013 ነው። ከቫሳ የተገኘ ሌላ ትምህርት አለ። በ2000 በእንጨቱ ላይ አሲዳማ የጨው እድፍ ታየ፤ ምክንያቱ ባሕር ውስጥ በእንጨቱ የተከማቸ ድኝ በብረት አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ መለወጡ ነበር። በመዘውርዎ ውስጥ ብረት ካለ ለሚያክመው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩ፤ ግላይኮሉም ብረትን ያዝጋል፤ የሕክምናው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዚህ ነው።

ስለ እንስራዎቹ አጭር ነው። ከማጠብዎ በፊት ውስጣቸውን ይመልከቱ፤ በግርጌያቸው የደረቀ ዝቃጭ ወይም ሙጫ ካለ ናሙና ወስደው ያሽጉት፤ ምን ጭነው እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ በማይታይ ቦታ አድርገው ሸክላው ካልለሰለሰ በተጣራ ውሃ ይንከሩት፤ ውሃውን እየቀየሩ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መለኪያው ከአዲሱ ውሃ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ይቀጥሉ። ጨው በውስጡ ከቀረ ሲደርቅ ይረጋና ገጹን እየላጠ ይጥለዋል። ነጩን ቅርፊት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማስለቀቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ አሲዱ በሸክላው ውስጥ ያለውን ኖራ አብሮ ያሟሟል።

ሁሉንም በአንድ የመስታወት ሣጥን ለማሳየት ማሰብዎ አይቀርም። አይቻልም። ብረቱ ከ20 በመቶ በታች፣ ነሐሱ ከ35 በታች፣ የታከመው እንጨት ደግሞ ሳይዋዥቅ ወደ 50 በመቶ ይፈልጋል። ሦስት የተለያዩ ሣጥኖች፣ ወይም በአንድ ሣጥን ውስጥ በአየር የማይገናኙ ሦስት ክፍሎች ያስፈልጋሉ። የመደርደሪያው እንጨት ኦክ አይሁን፤ የሚያወጣው የኮምጣጤ አሲድ ጋዝ ብረታ ብረትን ይጎዳል። ወደፊት ከእርሳስ ብረት የተሠራ የጥልቀት መለኪያ ቢደርስዎ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል።

መረቡ የተጣለበትን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ የባሕሩ ወለል አሸዋ ይሁን ጭቃ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይረሱት ዛሬ ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ዕቃዎቹ አብረው መውጣታቸውንም ጭምር። የዩኔስኮ የ2001 ስምምነት ከ100 ዓመት በላይ በውሃ ውስጥ የቆየን ቅርስ ባለበት መጠበቅን ቀዳሚ ምርጫ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቦታውን ለአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል፣ «ተጨማሪ አምጡ» ማለት ግን አይገባም።

የቀረው ጓሉ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ የሚነግርዎት እሱ ይሆናል። ብረት ባሕር ውስጥ ሲዝግ አሸዋና ዛጎል በዙሪያው ይረጋና ድንጋይ ይሆናል። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅም እንኳ ቅርጹ በድንጋዩ ውስጥ እንደ ባዶ ክፍተት ይቀራል። በመዶሻ ከሰበሩት ያ ክፍተት አብሮ ይጠፋል። እርጥብ አድርገው ያቆዩትና ኤክስሬይ ያስነሱት፤ ድንጋዩ ከአረሩ ብረት ይልቅ ጨረር ስለሚያሳልፍ ለዚህ የሆስፒታሉም መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከታየ ባለሙያ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ የዝገቱን ዝቃጭ ያጥባል፣ ኢፖክሲ ይሞላበታል፣ ሲጠነክር ቅርፊቱን በስለት ያነሳል። የሚወጣው የምስማሩ፣ የመጥረቢያው ወይም የቁልፉ ትክክለኛ ቅጂ ነው፤ የመዶሻ ምት አሻራ እንኳ ሳይቀር።